ሳሙናስ ምንድነው?

የእርድ ዱቄት ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይሞቃል። ሰው ቤት አልጫ ሲቀርብልኝ ዝም ብዬ እበላለሁ። የምን ትዝታ እንደሚመጣብኝ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በ2016 የነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። አንዲት ደንበኛ ለእንቁጣጣሽ የፈንዲሻ ገበቴ አዘዘችኝ። ስፋቱ 35 ሴንቲ፣ እንጨቱ ዋንዛ፣ ከንፈሩ ላይ ዙሪያውን አደይ አበባ፣ አበባው ደግሞ በቢጫ ሬዚን (ማጠንከሪያ ሲቀላቀልበት እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ፈሳሽ ነው) የተሞላ። ስልኳን አውጥታ ፈረንጅ ለገና የሠራውን ቀይና አረንጓዴ ሬዚን የገባበት ሳህን አሳየችኝ። "እንደዚህ፣ ግን የኛ" አለችኝ። ወደድኳት። ብዙ ደንበኛ "እንደዚህ" ብሎ ነው የሚያበቃው።

መጀመሪያ የፈለገችው እውነተኛ አደይ ሬዚኑ ውስጥ እንዲገባ ነበር። በነሐሴ አደይ ከየት ይምጣ? ብትገኝም እርጥብ አበባ ሬዚን ውስጥ ቡናማ ሆና ነው የምትቀረው፤ ቀድማ መድረቅ አለባት። ይህን አስረድቼ አበባውን እንጨቱ ላይ ቀርጬ ልሞላው ተስማማን። ጳጉሜን 3 ልትወስድ።

ዋንዛው ከፈረሰ ቤት የወጣ ሰባት ሴንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ነበር። ዋንዛ እንደ ኮሶ፣ እንደ ጽድና እንደ ዝግባ ከደን እንዳይቆረጥ በአዋጅ የተከለከለ ስለሆነ፣ እኔ አሮጌ ነው የማሳድደው። አሮጌ እንጨት ደርቆ ያለቀ ነው፤ አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም። ችግሩ ምስማር ነው። ባለቤቱ በዘመኑ የት የት እንደመታ አታውቅም፤ መሮህ ያገኘዋል። ይሄኛው ሁለት ነበረው። አንዱን በማግኔት አገኘሁት። ሁለተኛውን መሮዬ አገኘው።

ከንፈሩ ላይ ዘጠኝ አደይ በራውተር ቀረጽኩ (የዋይፋዩን አይደለም፣ እንጨት መቦርቦሪያውን)። እያንዳንዷ ስድስት ሴንቲ ስፋት፣ አሥራ ሁለት ሚሊ ጥልቀት፣ ስምንት ስምንት ቅጠል። ከዚያ ጉድጓዶቹን በስሱ ሬዚን ቀባኋቸው። ይህን ካልቀቡ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ሬዚኑ ሲሞቅ ይወጣና ሥራው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ምንም አላጠፋሁም። ይመዝገብልኝ።

ሬዚኑን የማቀልምበት ቢጫው የሚያብለጨልጭ ዱቄት አልቆ ነበር። የሚያመጣልኝ ሰው ዱባይ ነው፤ ከመስከረም በፊት አይመጣም። የዘይት ቀለም ልጨምርበት ብዬ ሳስብ፣ ከእኔ ጋር ቦታ የሚጋራው ልጅ "እርድ ጨምርበት፣ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ" አለኝ። ስሙን አልጠራም። ራሱን ያውቃል።

እርድ ገዛሁ። በማጥለያ ነፋሁት። እዚህ ላይ ነው ማዘር የመጡት።

ማዘር ግቢያችን ውስጥ ቡናና ምሳ የሚሸጡልን ሴት ናቸው። ላስቲክ ቤታቸው ከቶርኖዬ፣ እንጨቱን እያዞረ ከሚያስቀርጸኝ ማሽን፣ አምስት እርምጃ ነው። ሰጋቱራዬን ለምድጃቸው ይወስዳሉ፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ቡና በነፃ እጠጣለሁ። የተፈራረምነው ነገር የለም፤ ግን ሁለታችንም አፍርሰነው አናውቅም።

"ምን ልትሠራበት ነው?" አሉኝ።

"ቀለም ነው ማዘር።"

"ለእንጨቱ?"

"ለሬዚኑ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እርድ እኮ አይታመንም ልጄ። ባለፈው ፋሲካ ነጠላዬ ላይ አልጫ ፈሶ፣ ሳሙና ሳስነካው ደም መስሎ ቁጭ። እኔማ እጄን የቆረጠኝ መስሎኝ ጣቴን ሁሉ አየሁ።"

"ማዘር፣ ይሄ ሳሙና አይደለም እኮ። ኬሚካል ነው።"

ሲኒ እያጠቡ ነበር። እጃቸው አረፋ ነው። ቀና አሉና፦

"ሳሙናስ ምንድነው?"

ሳቅኩ። የሚቆጨኝ መሳቄ አይደለም፤ የሳቁ ዓይነት ነው። ሦስት ቪዲዮ ያየ ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ባጠቡ ሴት ላይ የሚስቀው ሳቅ አለ። "ማዘር ደግሞ" የሚል ሳቅ። እሳቸውም ሳቁ። እንደሚመስለኝ የሳቅነው በአንድ ነገር አልነበረም።

ሙከራ አላደረግኩም አልልም። አድርጌያለሁ። አንድ ማንኪያ ሬዚን ላይ ቁንጥር እርድ ጨምሬ አማሰልኩ። እንዴት ያለ ቢጫ! ብርሃን ላይ ሳነሳው ማር ነው። ፎቶ አንስቼ ለደንበኛዋ ላክሁላት፤ ልብ መለሰችልኝ። ማጠንከሪያውን ግን አልነካሁትም። ለአንድ ማንኪያ ሙከራ ማጠንከሪያ ማባከን አሳዘነኝ። በዚያ ስስት ያተረፍኩት አምስት ሚሊ ነው።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሥራውን ጀመርኩ። የእኔ ሬዚን ሁለት ለአንድ ነው። 200 ሚሊ ሬዚን በእርድ ቢጫ አደረግኩ። 100 ሚሊ ማጠንከሪያ ለካሁ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ስልኩን ደግኗል፣ ሊቀርጽ። ማጠንከሪያውን አፈሰስኩት።

መጀመሪያ ከዱላው ጫፍ ላይ አንድ ቀይ ክር ተነሳ። ቀጭን፣ እንደ ክር ደም። የእጄን ጓንት አየሁ፤ ልክ እንደ ማዘር። አማሰልኩ። ክሩ ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ተጠመዘዘ። ሳማስል ይጠፋል ብዬ ፈጠን አደረግኩት። በፈጠንኩ ቁጥር ባሰ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ማሩ ብርቱካን ሆነ፣ ብርቱካኑ የበርበሬ ቁሌት ሆነ። ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እጄ ላይ 300 ሚሊ ቁሌት ይዣለሁ፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ እዚያው ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

ዞር ስል ልጁ የለም። "ምሳ ሰዓት ደረሰ" ብሎ ሄዷል። አራት ተኩል ላይ።

ማዘር ከላስቲክ ቤታቸው ብቅ አሉ። ጣሳውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ነግሬህ ነበር" አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። "ቡና ላምጣልህ?" ብቻ አሉ።

በኋላ ስጠይቅ ነው የገባኝ። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ቤዝ፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው፣ ሲነካው ይቀላል። የሬዚኑ ማጠንከሪያ አሚን የሚባል ኬሚካል ነው፣ አሚን ቤዝ ነው። ሳሙናም ቤዝ ነው። ማዘር ጥያቄ ነው የጠየቁኝ የመሰለኝ፤ መልሱን ነበር የሰጡኝ። መምህራችን ክፍል ውስጥ ሊትመስ ወረቀት ሲነክሩ እኔ የት እንደነበርኩ አላስታውስም። ምናልባት ኳስ ሜዳ።

ሌላ ሬዚን የለኝም። ጳጉሜን 3 ቀርቧል። "ሲደርቅ ይመለስ ይሆናል" ብዬ ራሴን ዋሸሁና ሞላሁት። ዘጠኝ ቀይ አደይ። በላያቸው ላይ የወጣውን አረፋ በእሳት እያስነካሁ አፈነዳሁ። ጣሳው ውስጥ የቀረው ትራፊ ተሰብስቦ ስለተቀመጠ በራሱ ጊዜ መሞቅ፣ ከዚያ መጭስ ጀመረ። ወደ ደጅ ወረወርኩት። ዝናቡ ላይ ቲስ አለ። እሱ እንኳ ተቆጣኝ።

የነሐሴ ብርድ ሬዚን አያደርቅም። በሞቃት ቀን ባንድ ሌሊት የሚጠነክረው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አምፖል አበራሁለት፣ በካርቶን ከደንኩት፤ እንቁላል ያሳቀፍኩ ይመስል በየሰዓቱ እየሄድኩ አየው ነበር። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን በጥፍሬ ነካሁት፤ ጠንክሯል። ቀለሙ አልተመለሰም።

ቶርኖው ላይ አሰርኩት። ሞተሩ ከምናለሽ ተራ የመጣ ነው፤ ለዚህ ስፋት በደቂቃ 600 ዙር ገደማ ላይ ነው የማስኬደው፣ ከዚያ በላይ ካለፈ ጠረጴዛው ራሱ ይሄዳል። መሮውን ሳስጠጋ ዋንዛው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሬዚኑ ላይ ሲደርስ ጠክ ይላል። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፤ ዘጠኝ ጊዜ በዙር። ከሬዚኑ የሚወጣው ደግሞ ሰጋቱራ አይደለም፤ ረጅም ቀይ ሪባን ነው። ክንዴ ላይ ተጠመጠመ፣ ጢሜ ላይ ተንጠለጠለ። ማዘር ከረጢታቸውን ይዘው መጡና ክምሩን አይተው ተመለሱ። "ይሄ ምድጃ ውስጥ አይገባም፣ ይሸታል" አሉ። ልክ ናቸው። የዚያን ቀን ሰጋቱራ ያልወሰዱበት ቀን ሆነ፤ እኔም ቡናዬን ከፍዬ ጠጣሁ።

በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው 120 ቁጥር እስከ ልስልሱ 800 ወጣሁ። ሬዚን ላይ ወረቀቱን አፍነህ ከያዝከው ሙቀቱ ያለሰልሰዋል፣ ይጎረብጣል፤ ስለዚህ ነካ፣ ለቀቅ። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ቀባሁት። ዋንዛው ያን ጊዜ ነው ዓይኑን የገለጠው። ቡናማው ላይ ቀዩ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ይሄ ነው ያናደደኝ። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር።

ጳጉሜን 3 ደንበኛዋ መጣች። ሌሊቱን ንግግር ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። "እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" ብዬ ጀመርኩ። ጨርቁን ገለጠችው። ዝም። እኔም ዝም። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘችና፦

"ደመራ!"

"እ?"

"አደዩን እንደ ደመራ አነደድከው! መስከረምን በሙሉ አንድ ገበቴ ላይ! እንዴት አሰብከው?"

ከኋላዬ ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ማዘር ናቸው፤ እያዳመጡ ነው። ያኔ እውነቱን ልናገር ይገባኝ ነበር። አፌ የተናገረው ግን "እንግዲህ... አስቤበት ነው" የሚል ነበር።

ከዋጋው ላይ አምስት መቶ ብር ጨመረችልኝ። ሲኒው መንኳኳቱን አቆመ።

ገንዘቡን ለማዘር ልሰጥ ሄድኩ። አልቀበልም አሉ። "ያሰብከው አንተ ነህ" አሉኝ። በፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

በሳምንቱ ያ ልጅ የገበቴውን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። "የእጃችን ሥራ" ይላል ጽሑፉ። የእጃችን! ሰዎች ከሥር "ይሄን ቀይ በምን አመጣችሁት?" እያሉ ይጠይቁታል፤ እሱ "የሙያ ምስጢር ነው" ብሎ ይመልሳል። አራት ተኩል ላይ ምሳ የሚበላ ሰው የሙያ ምስጢር ሊኖረው እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሦስት ሰዎች በዚያ ቪዲዮ ምክንያት ቀይ አደይ አዘዙት። ዱቄቱ ከዱባይ ስለመጣ በቀይ ዱቄት ሠራላቸው። የእኔን ያህል አያምርም። ይህን ስል ቅናት እንዳይመስላችሁ። ወይም ይምሰላችሁ።

ፋሲካ ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ደንበኛዋ ናት።

"ወንድሜ፣ ገበቴው እየተበላሸ ነው።"

"ተሰነጠቀ?"

"አይ፣ ቀለሙ። ቀዩ እየጠፋ ነው። ቢጫ እየሆነብኝ ነው።"

ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎኗ ውስጥ መስኮቱ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። እርድ ፀሐይ አይችልም፣ ይለቃል። ሬዚን ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው በራሱ ቢጫ ይሆናል። ሁለቱ ተባብረው ዘጠኙን አበቦች አደይ አድርገዋቸዋል። ልክ ነሐሴ ላይ በማንኪያ ያየሁት ማር።

"እህቴ፣ ያዘዝሽኝ እኮ ቢጫ ነበር።"

"እሱማ አዎ። አሁን ግን ቀዩን ለምጄዋለሁ። ሰውም የሚጠይቀኝ ስለ ቀዩ ነው። አስተካክልልኝ።"

አመጣችልኝ። ሬዚኑን ፈልቅቄ በዱባዩ ቀይ ዱቄት ልሞላው ተስማማን። በነፃ። አምስት መቶዋ በዚህ አለቀች።

ገበቴውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሳየው ማዘር ቡና ይዘው መጡ። ቢጫዎቹን አበቦች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"ፀሐይ ላይ አስቀምጣው ነዋ" አሉ። "ነጠላዬም እንዲሁ ነበር። ሳሰጣው ለቀቀ።"

"ማዘር፣ ይሄን ለምን ያኔ አልነገሩኝም?"

ሲኒውን አስቀመጡልኝ።

"ስትስቅ ነበራ።"