በግምት የመለስኳቸው ወረቀቶች

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ስብስብ ክፍል በረዳትነት ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወር መድፈኔ ነበር። መሳቢያ አጸዳለሁ፣ ብልቃጥ እሞላለሁ፣ ናሙና ፎቶ አነሳለሁ። አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ዶብሰንፍላይ የሚባለውን ባለ ክንፍ ነፍሳት ነው።

አማርኛ ስም አላውቅለትም። መጀመሪያ ያየው ሰው ይደነግጣል። የአንዳንዱ ዝርያ ወንድ ከአፉ እንደ ማጭድ የታጠፉ ሁለት ረጃጅም መንጋጋዎች ወጥተው ይጣመራሉ። ደግነቱ በእነሱ አጥብቆ መንከስ አይችልም። የሚያደማው የሴቷ አጭር መንጋጋ ነው። ባለ ክንፉ የሚኖረው ለቀናት፣ ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በፊት ግን ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ እጭ ሆኖ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚያሳልፍ አለ። የሚወደው ንጹሕና ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ነው። ወንዙ ሲበላሽ እሱም ይጠፋል።

አዲስ ዝርያ ሲባል ብዙ ሰው ጫካ ውስጥ የሚገኝ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው መሳቢያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቻይና፣ ሲቹዋን ውስጥ ክንፉ ሲዘረጋ 21 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዶብሰንፍላይ ተገኝቶ ዜናው ዓለምን አዳርሶ ነበር። ዝርያው ግን ድሮም የሚታወቅ ነው። የኛ መሳቢያ ውስጥ ያሉት እንደዚያ አይገዝፉም። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ፣ ከሁለት ወንዞች ዳር፣ አንድ ሰው ከብዙ ዓመታት በፊት የሰበሰባቸው አምስት ወንዶች ናቸው። አምስቱም በአንድ በሚታወቅ ዝርያ ስም ተመዝግበው ተቀምጠዋል። አለቃዬ አንድ ቀን መሳቢያውን ስበው ዝም ብለው አዩአቸውና «እነዚህ አንድ አይደሉም» አሉ።

መለያው ያለው የሆዱ ጫፍ ላይ ነው። ወንዱ ሲገናኝ ሴቷን የሚይዝባቸው ጥቃቅን መያዣዎች ከዝርያ ዝርያ ይለያያሉ። እነሱን ለማየት ጫፉ ይቆረጣል። ሥጋው እንዲሟሟ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል። ጠንካራው ክፍል ብቻ ሲቀር ታጥቦ፣ ግሊሰሪን ባለባት ትንሽዬ ብልቃጥ ይቀመጣል። ይህን እንድሠራ ነው የታዘዝኩት።

በእያንዳንዱ ናሙና መርፌ ላይ፣ ከነፍሳቱ ሥር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ወረቀት ተሰክታለች። አገሩ፣ ወንዙ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም ተጽፎባታል።

ሐሙስ ማታ ነው። ወረቀቶቹን ፎቶ ለማንሳት አምስቱንም በወረንጦ ከመርፌያቸው አወረድኳቸው። ትሪ ላይ በተርታ ደረደርኳቸው። ምድጃው ላይ ያለው ሳህን መውጫ ሰዓቱ ደርሶ ብድግ ስል ክርኔ ትሪውን ገፋው። ሁለት ወረቀቶች ወለሉ ላይ ወደቁ።

አነሳኋቸው። አንዷ የታችኛውን ወንዝ ትላለች፤ ሌላዋ የላይኛውን። በተርታው ላይ ባዶ የቀሩት ቦታዎች ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። የትኛዋ የማን እንደሆነች ጠፋኝ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ኮንትራቴ ሊታደስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። በግምት መልሼ ሰካኋቸውና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ማይክሮስኮፑ ሥር ጉዳዩ ጥርት ብሎ ታየ። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ያሉት አዲስ ናቸው፤ አራተኛውና አምስተኛው የድሮው ዝርያ። አለቃዬ ካርታ ሲሠሩ ጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል። «አየህ፣ ሁለቱም ዝርያዎች በሁለቱም ወንዞች አብረው ይኖራሉ! ይኼ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው» አሉኝ። አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፈውበታል።

አንቀጹ የቆመው እኔ በገመትኳቸው ሁለት ወረቀቶች ላይ ነው። ወረቀቶቹ ቢቀያየሩ አዲሱ የታችኛው ወንዝ ብቻ፣ የድሮው የላይኛው ወንዝ ብቻ ይሆናል። አብሮ መኖር የሚባል ነገር አይኖርም።

ነገርኳቸው። ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ከትሪው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «እንቀያይራቸው፤ እንደዚያ ሲሆን ይገጥማል» አልኩ።

«አይሆንም» አሉ። «ስለገጠመ እውነት አይሆንም። ያም ሌላ ግምት ነው።»

ግማሽ ቀን ሁለቱን ወረቀቶች ማይክሮስኮፕ ሥር አየናቸው። መጨረሻ ላይ አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «መውደቃቸው ምንም አልነበረም» አሉኝ ቀስ ብለው። «የዚያኑ ቀን እንዳሉ ትተሃቸው ብትነግረኝ የቀዳዳውን ልክ ከመርፌው ውፍረት ጋር እናስተያይ ነበር። አንተ መልሰህ ስትሰካቸው ቀዳዳውን አሰፋኸው።»

ይህን ቃል ዛሬም አልረሳውም። ሰብሳቢው በሕይወት የሉም። ሌሊት ወንዝ ዳር ነጭ አንሶላ ወጥረው፣ መብራት ሰቅለው፣ ያንን ነፍሳት የት እንደያዙት የምታውቀው ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች።

አንቀጹ ተሰረዘ። ሁለቱ ናሙናዎች ከጥናቱ ማስረጃ ወጡ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለወጣ አዲስ የዝርያ ስም፣ ስሙ የቆመበት ናሙና የትኛው እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው። ሆሎታይፕ ይባላል። እኛ አንደኛውን ሆሎታይፕ አደረግን፤ አጋዥ ሆኖ የቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች በወንዞቹ አብረው ይኖሩ እንደሆነ ጽሑፋችን ምንም አይልም።

ኮንትራቴ ታደሰ። ከዚያ ወዲህ አንዷን ወረቀት አውርጄ፣ ፎቶ አንስቼ ሳልመልስ ሁለተኛውን መርፌ አልነካም። አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥም በእርሳስ ቁጥር የጻፍኩበት ቁራጭ ወረቀት ከናሙናው ጋር አብሮ ይገባል። እርሳስ አልኮል ውስጥ አይለቅም።

ሆሎታይፑ ላይ መለያው የሆነውን ቀይ ወረቀት የሰካሁት እኔ ነኝ፤ አለቃዬ ናቸው ስካ ያሉኝ። ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን አቀረቡልኝ። በእጄ ጽሑፍ፣ በሁለት አዳዲስ ወረቀቶች ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ከሁለቱ ወንዞች የቱ እንደሆነ አልታወቀም፤ የቦታው ወረቀት ተቀላቅሏል።» ከሥሩ ቀኑን ጻፍኩ። ስሜንም ጻፍኩ።