ጉጉትና "አስቸጋሪ" የሚባሉት ወፎች፦ ህጉ ምን ይላል

ጣራው ውስጥ ጉጉት ገብታ ማታ ማታ የምትጮህበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብመታት ህግ ይጠይቀኛል ወይ ብሎ ነው። የሚያገኘው መልስ ደግሞ ወይ "ሟርተኛ ወፍ ነች፣ አታስጠጋት" ነው፣ ወይ "ወፍ መግደል በሙሉ ክልክል ነው" ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ብዙ አገር ላይ ያለው ህግ ከሁለቱም የተሻለ ነገር ነው የሚለው፣ ወፏን በስሟ ብቻ አትፍረድባት፣ ምን እንዳጠፋች አሳይ፣ መጀመሪያ ሌላ መላ ሞክር፣ ካልሆነ ፍቃድ ጠይቅ ነው የሚለው። እኔ ይሄ አካሄድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ታሪኩን ካላየን አይገባንም። (አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ጉጉት ድሮ ህግ የሚጠብቃት ወፍ አልነበረችም እኮ፣ እንደውም ህግ ራሱ ነበር የሚያስገድላት። የአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ 1885 ላይ ያወጣችው ህግ ጉጉት ወይም ጭልፊት ገድሎ ላመጣ ሰው በአንድ ወፍ 50 ሳንቲም ይከፍል ነበር፣ ምክንያቱ ዶሮ ይጨርሳሉ የሚል ነው። በአንድ አመት ተኩል ውስጥ ወደ 90,000 ዶላር ወጣ። ከዛ ሃርት ሜሪያም የሚባል በአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት የወፍ ጥናት ሃላፊ የነበረ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያሰላው፣ በዛ ጊዜ ውስጥ እነዚህ ወፎች ሊበሉት ይችሉ የነበረው ዶሮ ዋጋው በሙሉ ቢደመር 1,875 ዶላር ሆነ። አንድ ጉጉት ወይም ጭልፊት ደግሞ በአመት ቢያንስ 1,000 አይጥ ወይም ያንን የሚያክል ነፍሳት ይበላል ብሎ ስለገመተ፣ አይጥ ያጠፋው እህል ሲጨመርበት የገበሬው ኪሳራ ሚሊዮን ዶላሮች ገባ። ከሱ በኋላም አልበርት ፊሸር የሚባለው የዛው መስሪያ ቤት ባለሙያ ከ2,000 በላይ የጭልፊትና የጉጉት ሆድ ውስጥ ምን እንደተገኘ መዝግቦ 1893 ላይ አሳተመው፣ አብዛኞቹ ዝርያዎች ለገበሬው የሚጠቅሙ ሆነው ተገኙ።

ይሄ ሁሉ ታውቆም ግን ህጉ ቶሎ አልተከተለም፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። አሜሪካና እንግሊዝ (በካናዳ ስም) 1916 ላይ ስለ ተጓዥ ወፎች ስምምነት ፈርመው 1918 ላይ የአሜሪካው ህግ ሲወጣ ጉጉትም ጭልፊትም ቁራም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም ነበር። የገቡት 1972 ላይ ከሜክሲኮ ጋር የነበረው ስምምነት ሲሻሻል ነው፣ በመሃል ከ50 አመት በላይ አለፈ ማለት ነው። ዛሬ እዛ አገር ጉጉት ያለፍቃድ መግደል እስከ 15,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 6 ወር እስራት ሊያመጣ ይችላል፣ መሬት ላይ ወድቆ ያገኘኸውን ላባ አንስተህ ቤትህ ማስቀመጥ ራሱ አይፈቀድም። ሰው ላባው ላይ ሲደርስ ይሄማ ተጋነነ ይላል፣ ግን ላባ መያዝ ቢፈቀድ ገድሎ ያመጣውም ሰው "ወድቆ አገኘሁት" ነው የሚለው፣ ማን ሊለየው ነው?

ወደ ሌሎቹ ወፎች ስንመጣ ህጉ ሁሉንም በአንድ አይን አያይም። ቁራን ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ ቁራ በዛው ህግ የተጠበቀ ነው ግን ሰብል ላይ ወይ የከብት መኖ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ከተገኘ ያለ ልዩ ፍቃድ መግደል ይቻላል፣ መጀመሪያ ሌላ ዘዴ ሞክረህ፣ በኋላም ስንት እንደገደልክ ሪፖርት አድርገህ ነው ታዲያ። አደን ደግሞ በአመት ከ124 ቀን በላይ አይፈቀድም፣ በብዛት እንቁላል ጥለው በሚታቀፉበት ሰሞንም አይሆንም። የከተማ እርግብ፣ የቤት ድንቢጥና ስታርሊንግ የሚባለው ጥቁር አብረቅራቂ ወፍ ግን ከናካቴው ከዛ ህግ ውጪ ናቸው፣ ምክንያቱም ሰው ከአውሮፓ ያመጣቸው እንጂ የአገሩ ወፎች አይደሉም። ስታርሊንግን ዩጂን ሺፌሊን የሚባል ሰው 1890 ላይ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 60 ያህል ለቀቀ፣ ዛሬ አህጉሩን ሞልቶታል። ወፉ ምንም አላጠፋም፣ ያመጣው ሰው ነው፣ የሚገደለው ግን ወፉ ነው።

እንግሊዝ ላይ ደግሞ 1981 የወጣው ህግ የዱር ወፍ በሙሉ፣ ከነጎጆውና ከነእንቁላሉ የተጠበቀ ነው ብሎ ይጀምርና ለቁራና ለዱር እርግብ ለመሳሰሉት ጠቅላላ ፍቃድ የሚባል፣ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ማመልከት የማያስፈልገው ፍቃድ አለ። ሰው ይሄንን ፍቃድ "የሚገደሉ ወፎች ዝርዝር" አድርጎ ነበር የሚያነበው፣ ፍቃዱ ግን እንደዛ አይደለም የሚለው፣ ለተወሰነ ምክንያት ነው የሚፈቅደው፣ ሰብል ለማዳን፣ የሰው ጤና ለመጠበቅ ምናምን። 2019 ሚያዝያ ላይ ዋይልድ ጀስቲስ የሚባል ለዱር እንስሳት የሚሟገት ድርጅት ክስ ሲያነሳ ፍቃዱን የሚሰጠው የመንግስት መስሪያ ቤት ሶስት ፍቃዶች ባንዴ ሰረዘና በኋላ በአዲስ ተተኩ። ገበሬዎቹ ተናደው ነበር፣ ቡቃያቸውን እርግብ እየበላው ስለሆነ እረዳቸዋለሁ። ግን ቁራ ስለሆነ ብቻ መምታትና ግልገል አይን ሲያጠፋ የተገኘን ቁራ መምታት አንድ ነገር አይደለም፣ ህጉም መለየት ያለበት ይሄንን ነው። ነጭ ፊት ያላት የጎተራ ጉጉት ደግሞ እዛ አገር ጎጆዋ ላይ እያለች ሆን ብሎ መረበሽ ብቻውን ወንጀል ነው፣ መግደል አያስፈልግም።

ጉዳት የለም እያልኩ አይደለም። ግሪሳን ያየ ሰው እንደዛ ሊለኝ አይችልም። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም አካባቢ ጥሬ ይበላል፣ ትንሽ ይመስላል፣ መንጋው ግን አንድ ሚሊዮን ሲሆን በቀን 10 ሺ ኪሎ ነው። ማሽላውን ያጣ ገበሬ ዝም ብለህ ታገስ አይባልም። ችግሩ ያለው አገዳደሉ ላይ ነው፣ በአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባል መርዝ ግሪሳውን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ የሞተውን ወፍ የሚበላው ጭልፊት፣ ንስር፣ ጉጉት አብሮ ይሞታል። ከዛ ቀጥሎ አይጡን ማን ይበላዋል?

ቻይና 1958 ላይ ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብሎ መንግስት ይጥፉ ካላቸው አራት ተባዮች ዝርዝር ውስጥ ገባች፣ ህዝቡ በሙሉ ድስትና ከበሮ እየደበደበ እንዳታርፍ አድርጎ ከሰማይ አወረዳት፣ ጎጆዋ ፈረሰ እንቁላሏ ተሰበረ። ድንቢጥ ነፍሳትም ትበላ ነበር፣ እሷ ስትጠፋ ሰብል የሚበላው ነፍሳት በዛ። 1960 ላይ ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ በትኋን ተተካች። ያኔ ረሃቡ ገብቶ ነበር፣ የረሃቡ ምክንያት ድንቢጥ ብቻ አይደለም ግን የራሷ ድርሻ ነበራት።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው የህጉ ትልቅ ቀዳዳ ላይ ልምጣ። ጉጉት በጠመንጃ ብትገድል ትከሰሳለህ። የአይጥ መርዝ ገዝተህ ብታስቀምጥና አይጧ በልታው ጉጉቷ አይጧን በልታ ብትሞት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠይቅህም። ብሮዲፋኩምን የመሳሰሉት መርዞች ደም እንዳይረጋ ነው የሚያደርጉት፣ አይጧ ወዲያው አትሞትም፣ ቀናት እየተንገዳገደች ትቆያለች፣ ለጉጉት ደግሞ ከዚህ የቀለለ ምግብ የለም። መርዙ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፣ ትንሽ በትንሽ ይጠራቀማል። ኒውዮርክ ላይ የመካነ እንስሳቱ ሽቦ ተቆርጦ 2023 ላይ ያመለጠው ፍላኮ የሚባለው ትልቁ ጉጉት አንድ አመት ነጻ ኖሮ 2024 የካቲት ላይ ሲሞት ሰውነቱ ውስጥ አራት አይነት የአይጥ መርዝ ነው የተገኘው፣ ከእርግብ ከያዘው ቫይረስ ጋር ሆኖ። ካሊፎርኒያ 2020 ላይ የእነዚህን መርዞች አብዛኛውን አጠቃቀም በህግ ከልክላለች፣ እኔ ሌላውም አገር እንደዛ ቢያደርግ ነው የምለው፣ ጉጉት መግደል ክልክል ነው እያልክ መርዙን ሱቅ ላይ በነጻነት መሸጥ እርስ በርሱ ይጋጫል።

አንድ ነገር ላይ ግን እስካሁን ልቤ አልቆረጠም። አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ደኖች ውስጥ የሚኖር ነጠብጣብ ያለው ጉጉት አለ፣ 1990 ላይ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዘገበ፣ ደኑ ስለተጨፈጨፈበት። አሁን ደግሞ ከምስራቅ የተስፋፋ ደረቱ ላይ ሸንተረር ያለው ትልቅ ጉጉት ቦታውን እየነጠቀው ነው። 2024 ላይ መንግስት ባጸደቀው እቅድ በ30 አመት ውስጥ እስከ 450,000 የሚደርሱ ሸንተረር ጉጉቶች በሰለጠኑ ሰዎች ሊገደሉ ይችላሉ፣ ለህዝብ አደን አልተከፈተም። አንዱን ጉጉት ለማዳን ሌላውን ጉጉት መግደል ማለት ነው። ነጠብጣቡ ከጠፋ አይመለስም፣ ይሄ ይገባኛል፣ ግን የቀረው ደን እየተቆረጠ ከሆነ ያ ሁሉ ጉጉት የሚሞተው ለምንድነው? ደኑን ሳይጠብቁ ጥይቱን ማስቀደም አይዋጥልኝም።

እና ወደ ጣራው ስመለስ፣ ጉጉት ካለችብህ መጀመሪያ ጫጩት እንዳላት እወቅ። የጎተራ ጉጉት ጫጩቶች እንደ እባብ ነው የሚተነፍሱት፣ ሽሽ የሚል ድምጽ ከሰማህ ተዋቸው፣ ከተፈለፈሉ ሁለት ወር አልፏቸው ትንሽ ሲቆዩ መብረር ይጀምራሉ። ከወጡ በኋላ ማንም ውስጥ አለመቅረቱን አይተህ ቀዳዳውን ድፈነው፣ ከመድፈንህ በፊት ግን እዛው አካባቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የእንጨት ሳጥን ስቀልላት። እስራኤል ውስጥ ገበሬዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደዚ ሳጥን እየሰቀሉ ጉጉትን ለአይጥ ማጥፊያ ይጠቀሙባታል፣ በኋላ ዮርዳኖሶችና ፍልስጤሞችም ገብተውበታል፣ ማሌዥያ የዘይት ዘንባባ እርሻዎችም ላይ አለ። ዶሮ ካለህ ደግሞ ሳይመሽ አስገባቸውና ከላይም በሽቦ መረብ ሸፍነው፣ ከጎን ብቻ ማጠር አይበቃም፣ ጉጉት ከላይ ነው የምትገባው።