አንድ ኦርኬስትራ አብሮ መጫወቱ በምን ይለካል?

ሰሞኑን ከሥራ መልስ የኦርኬስትራ ቅጂዎችን ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ፣ የድምፁን ሞገድ እያሰፋሁ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ኖታውን የጀመረበትን ቅጽበት ስፈልግ አመሻለሁ። የቲምፓኒው (የትልቁ የኦርኬስትራ ከበሮ) ምት አያስቸግርም፤ መስመሩ ከዝምታ ተነሥቶ በአንዴ ቀጥ ስለሚል ጠቋሚውን የት እንደማሳርፍ አውቃለሁ። በደጋን የሚመቱት ትልልቆቹ የክር መሣሪያዎች፣ ቼሎዎቹ ጋ ስደርስ ግን ሥራው ይከብዳል። ደጋኑ ክሩን ከነካበት አንሥቶ ድምፁ እስኪጎላ ድረስ መስመሩ የሚያብጠው ቀስ በቀስ ነው። ታዲያ ኖታው ተጀመረ የሚባለው ደጋኑ ሲነካ ነው፣ ጆሮ ሲለየው ነው ወይስ ሙሉ ጉልበቱን ሲያገኝ? ውጤቱ በዚህ ውሳኔ ስለሚለዋወጥ፣ አንድ ሰው ይህ ኦርኬስትራ በዚህን ያህል ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) ይዛነፋል ቢለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የትኛውን ነጥብ እንደያዘ ነው።

የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ሩዶልፍ ራሽ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የሦስት የሦስት ሰው ቡድኖችን ለክቶ፣ በአንድነት ሊጀመር በሚገባው ኖታ ላይ የሚታየው መዛነፍ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ሚሊሰከንድ መሆኑን አገኘ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አድማጩም አብረው እንደጀመሩ ነው የሚሰማው።

ወደ ትልቁ ኦርኬስትራ ስንሄድ የመድረኩ ስፋት ራሱ ይጨመራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የሆርን (ከነሐስ የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋች የፊተኞቹን ቫዮሊኖች የሚሰማው 44 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። የሰማውን ተከትሎ ቢነፋ፣ የእርሱም ድምፅ ያንኑ መንገድ ተጉዞ ፊት ሲደርስ መዘግየቱ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የሆርን አፍ ወደ ኋላ የዞረ በመሆኑ ድምፁ መጀመሪያ ግድግዳ ይመታል። ለዚህም ነው ከኋላ የሚቀመጡት ከጆሮአቸው ይልቅ የመሪውን በትር እንዲያምኑ የሚነገራቸው። እንግዲህ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የተሰካ ማይክሮፎንና ከመሪው ራስ በላይ የተሰቀለ ማይክሮፎን ስለዚያው ምሽት ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ግን አልዋሹም።

በእኔ አስተያየት ከመዛነፉ መጠን ይልቅ የሚያጓጓው ማን ለማን እንደሚታረም ነው። አለን ዊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የክር መሣሪያ አራትዮሽ ቡድኖች የሙዚቃ ደራሲውን የሃይድንን ሥራ ሲጫወቱ ቀድተው፣ አንዱ ተጫዋች ቀደም ወይም ዘግየት ሲል ሌሎቹ በቀጣዩ ኖታ ምን ያህል እንደሚያስተካክሉ አሰሉ። በአንደኛው ቡድን ሦስቱ ለመጀመሪያው ቫዮሊን ይታረማሉ፣ እርሱ ግን ያን ያህል አይታረምላቸውም፤ በሌላኛው እርማቱ ለሁሉም ተቀራራቢ ነው። ይህን ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1922 ሞስኮ ውስጥ የተመሠረተው ፐርሲምፋንስ ትዝ አለኝ። ያለ መሪ የሚጫወት ኦርኬስትራ ስለነበር ተጫዋቾቹ ለመተያየት ክብ ሠርተው፣ አንዳንዶቹም ለታዳሚው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። የእነርሱ የእርማት ካርታ ቢሠራ ምን ይመስል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሰለ ቡድን ለመለካት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ማሲንቆ በደጋን ስለሚገዘገዝ ዘግየት ብሎ ይሞላል፤ ዋሽንቱ ያንኑ ዜማ በራሱ ማስጌጫ ያዞረዋል። ማስጌጫውን እንደ ስሕተት የሚቆጥር መለኪያ ለዚህ ሙዚቃ አይሆንም። ስለዚህ የመዛነፉን አማካይና ስርጭቱን (ከኖታ ኖታ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ) ለየብቻ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ፦ ከክራሩ ኋላ ሁልጊዜ በ30 ሚሊሰከንድ የሚገባ ማሲንቆ ቦታውን ያወቀ ነው፤ አማካዩ ዜሮ ሆኖ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚገባው ግን፣ በወረቀት ላይ የተሻለ ቢመስልም፣ ከቡድኑ ጋር አልገጠመም።