ያለ መነጽር ለማንበብ የሚተከል ሌንስ፦ አሠራሬና የተማርሁት

የሞራ ግርዶሽ አውጥቼ ትራይፎካል (ባለ ሦስት ርቀት) ሌንስ ከመትከሌ በፊት የምጠይቀው «ምን ያነባሉ? ማታ ያሽከረክራሉ?» ብዬ ነው። ትራይፎካል ሩቁን፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያለውን የኮምፒውተር ርቀትና የ40 ሴንቲ ሜትሩን ንባብ የሚያሳየው የገባውን ብርሃን ከፋፍሎ ነው። ለየርቀቱ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ ምስሉ ይፈዛል፣ ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል። ሌሊት ከሜክሲኮ ፒያሳ ለሚመላለስ ሾፌር ይህ ከባድ ነው። ለእሱ ኢዶፍ፣ ማለትም ጥርት ያለ እይታን ከሩቅ እስከ መካከለኛ ርቀት የሚዘረጋ ሌንስ፣ ይሻላል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ግን መነጽር ሊፈልግ እንደሚችል አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ግላኮማ ነርቡን ለጎዳበት፣ ስኳር ማኩላውን (ጥርት አድርጎ የሚያየውን የሬቲና መሐል) ላሳበጠበት ወይም ትራኮማ ኮርኒያው (የዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን) ላይ ጠባሳ ለተወበት ሰው ባለ አንድ ርቀት ሌንስ እመርጣለሁ። ማኩላውን በኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን በሚያነሣ መሣሪያ) ሳላይ አልወስንም።

ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለእንባው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጋው ደረቅ ነው፣ የግንባታው አቧራም አለ። የደረቀ ዓይን የኮርኒያ ልኬቱ ይዋዥቃል፣ የሌንሱ ስሌትም አብሮ ይሳሳታል። እንባው 10 ሰከንድ ሳይሞላ ከተበጣጠሰ ልኬቱን አቆማለሁ። የሽፋሽፍት ጠርዝ ማጽዳት፣ በሞቀ ጨርቅ መያዝና ማቆያ ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ ለሳምንታት አዝዤ እንደገና እለካለሁ። ሁለት ልኬቶች ከ0.50 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) በላይ ከተለያዩ ቀጠሮው ይራዘማል።

ከፊት እስከ ኋላ ባለው የዓይን ርዝመት ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሳሳት ውጤቱን ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር ያዛባል። ርዝመቱን የሚለካው የአልትራሳውንድ ጫፍ ኮርኒያውን ከተጫነ ዓይኑ አጭር መስሎ ይለካል፤ የሌንሱ ጉልበት ከሚገባው በላይ ይሆንና ሩቁ ይደበዝዛል። በብርሃን የሚለካውን መሣሪያ የምመርጠው ለዚህ ነው። ሞራው ጠጥሮ ብርሃን ካላሳለፈ የአልትራሳውንዱ ጫፍ ኮርኒያውን ሳይነካ በፈሳሽ በኩል እለካለሁ።

ቀዶው ላይ የተፈጥሮ ሌንሱን ከረጢት (አዲሱ ሌንስ የሚቀመጥበትን ስስ ሽፋን) 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መሐሉን የጠበቀ ክብ አድርጌ እከፍታለሁ። ሌንሱ ቶሪክ (አስቲግማቲዝምን፣ ማለትም የኮርኒያን የጉብጠት አለመመጣጠን፣ የሚያርም) ከሆነ የሚቀመጥበትን አቅጣጫ ምልክት ታካሚው ተቀምጦ ሳለ አደርጋለሁ፤ ሲተኛ ዓይን ይዞራል፣ ሌንሱ በ10 ዲግሪ ከሳተ ደግሞ የማረሚያው ሲሶ ይጠፋል።

ውጤቱን ቁጥር ብቻ ባለበት ሰሌዳ መለካት አይበቃም። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ምስል መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህችን ጭረት ነው። ስለዚህ ከቤት ያመጡትን ዳዊት፣ ስልካቸውንና የመድኃኒት ወረቀት በሁለት ዓይን አስነብባለሁ፤ አንዴ በመስኮት ብርሃን፣ አንዴ መብራት ቀንሼ።

ታካሚው ካልረካ መጀመሪያ ከቀዶው በኋላ የተረፈውን የመነጽር ቁጥር አያለሁ፤ 0.75 ዳዮፕተር አስቲግማቲዝም ብቻውን ንባቡን ያበላሻል። ቀጥሎ እንባው፣ ከዚያ ማኩላው። አንጎል ሌንሱን እስኪለምድ ከ3 እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል። ከረጢቱ ደመነ ብሎ ወደ ያግ ሌዘር (የደመነውን ከረጢት ወደሚከፍተው ጨረር) መቸኮልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ቅሬታው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የነበረ ከሆነ ጥፋቱ የሌንሱ ሊሆን ይችላል፣ ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ሌንሱን መቀየር እጅግ አስቸጋሪ ነው።