ጌም ስጫወት የሚይዘኝ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት፦ እስካሁን የደረስኩበት

በጌም ምክንያት የሚመጣው ማቅለሽለሽና በጌም ምክንያት የሚመጣው ራስ ምታት አብረው ሲመጡ አንድ በሽታ ይመስላሉ፤ መነሻቸው ግን የተለያየ ነው፤ መፍትሔያቸውም እንዲሁ። ባለፉት ወራት ያገኘሁት መሻሻል የመጣው ሁለቱን በማስታወሻ ደብተር ላይ ለየብቻ መመዝገብ ከጀመርኩ በኋላ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁ ተጫዋቾች የታዘብኩትን ላካፍላችሁ።

ከማቅለሽለሹ ልጀምር። በውስጠኛው ጆሯችን የራስን መዞር የሚለኩ ሦስት ከፊል ክብ ቦዮች አሉ፤ ከእነርሱም ሌላ መፍጠንንና የመሬትን ስበት የሚለዩ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ይገኛሉ። መኪና ውስጥ ሆነን ስልክ ስናነብ ጆሮ መንቀሳቀሳችንን ያውቃል፣ ዓይን ግን የቆመ ጽሑፍ ያያል። ጌም ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲጠማዘዝ ጆሮ ወንበር ላይ መቀመጣችንን ይመሰክራል። በሰፊው ተቀባይነት ባለው ማብራሪያ መሠረት፣ ማዛጋቱ፣ የምራቅ መብዛቱ፣ ቀዝቃዛ ላቡና በመጨረሻም ማጥወልወሉ የሚመጡት የሁለቱ ምስክርነት አልገጥም ሲል ነው። ችግሩ ከቤት ጌም ዕድሜ ይቀድማል፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ሲሙሌተር በሚለማመዱ አሜሪካውያን አብራሪዎች ላይ ታይቶ ተመዝግቧል። የሚገርመው ከጀማሪዎቹ ይልቅ ብዙ የበረሩት አሠልጣኞች በብዛት መታመማቸው ነው፤ እውነተኛው በረራ ምን ስሜት እንዳለው ሰውነታቸው ስለሚያውቅ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማቸው እንደነበር ይገመታል። ስለዚህ «አንተ ስላልለመድክ ነው» ለሚሉኝ ጓደኞቼ ጥሩ መልስ አግኝቻለሁ።

ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ስንጫወት ግን ማንም ሲያቅለሸልሸው አይቼ አላውቅም። ካሜራው ከላይ ከሩቅ ሆኖ በዝግታ ስለሚከተል፣ ዓይን ራሱን ሜዳው ውስጥ የሚሮጥ አድርጎ አያስብም። ጣጣው የሚመጣው በገጸ ባሕርይው ዓይን በምናይባቸው ጌሞች ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ማውሱን ከያዘው ሰው ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ የሚመለከተው ቶሎ ይታመማል፤ ታናሽ ወንድሜ ሲጫወት አብሬው ሳይ የምቆየው እኔ ራሴ ስጫወት ከምቆየው በጣም ያንሳል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ተሳፋሪው ሁሉ ፌስታል ሲጠይቅ ሹፌሩ ደህና የሚሆነው፣ መሪውን የሚያዞረው እርሱ በመሆኑ ቀጣዩን መታጠፊያ አስቀድሞ ሰውነቱ ስለሚጠብቀው ነው።

ከሴቲንጎች ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ የእይታ ስፋት፣ ማለትም ኤፍ ኦ ቪ የምንለው ነው። የ24 ኢንች ሞኒተር ወርድ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ከዓይኑ ፊት 48 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ሳሎን ውስጥ ከሩቅ በቴሌቪዥን እንዲታዩ የታሰቡ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ጠባብ እይታ ይዘው ስለሚመጡ፣ ጠረጴዛ ላይ በቅርብ ለሚጫወት ሰው የጎን የጎኑ ይቆረጥበትና ማውሱን ትንሽ ነካ ባደረገ ቁጥር ምስሉ በሙሉ ይወረወርበታል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሃፍ ላይፍ 2 መነሻው 75 ዲግሪ ነው። ብዙ ተጫዋች የሚያማርርበት የጀልባው ምዕራፍ እኔንም ደጋግሞ አስቁሞኛል፤ ወደ 90 ካሳደግሁት በኋላ ግን፣ በመሐል ማረፍ ባይቀርም፣ ጨርሼዋለሁ።

ይህን ቁጥር ከአንዱ ጌም ወደ ሌላው እንዳለ መውሰድ ግን አያዋጣም። ማይንክራፍት ላይ መነሻ ሆኖ የተቀመጠው 70 የሚለካው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ በሰፊ ሞኒተር ወደ ጎን ሲሰላ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ የሚያጥወለውለኝ የእይታው ጥበት ሳይሆን፣ በተራመድኩ ቁጥር ምስሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ቪው ቦቢንግና ስሮጥ እይታውን በድንገት የሚለጥጠው የኤፍ ኦ ቪ ኢፌክት ነበር። አንዱን አጥፍቼ ሌላውን ዜሮ ላይ ካደረግሁ ወዲህ ዋሻ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ መቆፈር ችያለሁ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሚረርስ ኤጅ በስክሪኑ መካከል ትንሽ ነጥብ ያስቀመጠው ዓይን የሚያርፍበት የማይንቀሳቀስ ነገር እንዲያገኝ ነው። እንዲህ ያለ ነጥብ በሌለው ጌም ላይ፣ ከተለጣፊ ወረቀት የምስር ፍሬ የምታህል ቆርጬ ሞኒተሩ መሃል እለጥፋለሁ። ያየኝ ሁሉ ይስቃል፤ ግን ይሠራል።

ቀጣዩ ጉዳይ ፍሬም፣ ማለትም እየተከታተሉ እንቅስቃሴውን የሚፈጥሩት ነጠላ ምስሎች ናቸው። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሄድ እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ በ30 ሲሄድ ደግሞ 33.3። እኔን የሚጎዳኝ ከዝቅተኛነቱ ይልቅ መዋዠቁ ነው፤ እጄ ያዘዘው ነገር አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ሲመጣ ሆዴ ወዲያውኑ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥላንና የምስል ጥራትን ዝቅ አድርጌ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ምስሉን የሚያደበዝዘውን ሞሽን ብለርን አጥፍቼ፣ ላፕቶፔ ሳይንገዳገድ ሊይዘው በሚችለው ቁጥር ላይ ፍሬሙን እገድበዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ዞሮ አቅሙን ስለሚቀንስ፣ ያው ጌም፣ ያው ሴቲንግ እያለ ማቅለሽለሹ ይመለሳል። የመብራት መጥፋትና የመጥፎ ምሽቶች መገጣጠም ከደብተሬ ላይ ጎልቶ የወጣ ነገር ስለሆነ፣ አሁን መብራት ሲሄድ እንደ ካርታ ያሉ ምስላቸው የማይንቀሳቀስ ጌሞችን እከፍታለሁ።

ሰውነት በሂደት መልመዱ እውነት ነው፤ ታግሶ በመቀጠል ግን አይመጣም። ማዛጋትና የምራቅ መብዛት ሲጀምር አቆማለሁ። አንዴ ካጥወለወለኝ በኋላ ከቀጠልኩ ምሽቱን ሙሉ አይለቀኝም፤ በማግሥቱም ጌሙን ለመክፈት ሳስበው ብቻ ይመጣብኛል። ሎሚ ማሽተትና የዝንጅብል ሻይ ቀለል ያደርጉልኛል። ለጉዞ የሚወሰዱት የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ፣ ለመዝናናት ብሎ እነርሱን መዋጥ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

ራስ ምታቱ ሌላ ታሪክ አለው። የሚጀምረው ከተጫወትኩ ከሰዓታት በኋላ፣ ከግንባሬና ከማጅራቴ ነው፤ ምስሉ በማይንቀሳቀስ የካርታ ጌም ላይ ሳይቀር ስለሚመጣ ከጆሮና ከዓይን አለመግባባት ጋር እንደማይያያዝ ተረዳሁ። ሰው ስክሪን ላይ ሲያተኩር ዓይኑን የሚያርገበግብበት ጊዜ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያበራ ስክሪን ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ከሞኒተሩ ጀርባ ደብዘዝ ያለ መብራት አደረግሁ፤ በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ገደማ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየትም ልማድ ሆነኝ፤ ለእኔ ይህ ቦታ በመስኮቱ ማዶ ያለው የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የዓይን ምርመራ ቀላል የአስቲግማቲዝም ችግር (በዓይን ቅርጽ መዛባት የሚመጣ የእይታ ብዥታ) እንዳለብኝ ስላሳየ፣ ለመንገድ የማላደርገውን መነጽር ለጌም አደርጋለሁ።

ደብተሩ ያሳየኝ ሌላው ነገር ቡና ነው። የለመደ ሰው ቡና ሲያቋርጥ የሚነሳው ራስ ምታት ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ቡናም ሳልቀምስ በምቆይባቸው ቀናት፣ ጌሙን ሳልከፍትም ራሴን ያመኝ ነበር፤ ወቀሳውን ግን የሚሸከመው ጌሙ ነበር። አሁን በእነዚያ ቀናት የምጫወተው ከበላሁና ቡናዬን ከጠጣሁ በኋላ ነው። ማስታገሻ ለምትወስዱም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ፓራሲታሞልን የመሰለ ቀላል መድኃኒት እንኳ ለወራት፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። በድንገት የሚፈነዳ ከባድ ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የእጅ መደንዘዝ ካለ ደግሞ የሐኪም ጉዳይ እንጂ የሴቲንግ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይህን ይመስላል፤ በሞኒተር የሚታዩ ጌሞችን ከሞላ ጎደል ያለ ችግር እጫወታለሁ፤ ራስ ምታቱም አልፎ አልፎ ብቻ ይጎበኘኛል። ያልተሸነፈልኝ በራስ ላይ የሚጠለቀው የቪአር መነጽር ነው። ዙሪያዬን ሁሉ ስለሚሸፍነው ዓይኔ የሚያርፍበት የቆመ ክፍል የለም፤ ተለጣፊዋ ወረቀቴም እዚያ አታገለግልም። ቆሜ የምጫወታቸውንና ከቦታ ወደ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያዘልሉትን ጌሞች እችላቸዋለሁ፤ በእጅ መቆጣጠሪያው ስቲክ ወደፊት መንሸራተት ሲመጣ ግን ወዲያው አወልቃለሁ። ቀጥሎ የምሞክረው በስቲክ መዞሩን ትቼ ከነሰውነቴ እየዞርኩ፣ የጎን እይታን በሚያጠቁረው አማራጭ በአጫጭር ጊዜ መለማመድ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ያለፈ ካለ፣ በየትኛው ጌም እንደጀመረ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።