ጌሙ የማያውቀው ጥም

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን አልፈለግኩትም። ክረምቱ ይሆናል፣ የኤፊ መሄድ ይሆናል፣ ወይም ቀኑ ራሱ ነው። እንዲህ ሲለኝ የማደርገውን ታውቁታላችሁ። ላፕቶፔን እከፍትና ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለው የጦርና የአገር ግንባታ ጌም ውስጥ እገባለሁ። መሪ አድርጌ ምኒልክን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ባይደውልልኝ ደስ ይለኛል።

ምኒልክ ወደዚህ ጌም የገቡት በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በሲቪላይዜሽን 5 የኢትዮጵያ መሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የምኒልክ ጦር ኮረብታ ላይ ሆኖ ሲዋጋ 4 የውጊያ ነጥብ ይጨመርለታል። የኦሮሞ ፈረሰኛ የሚባለው ልዩ ጦር ደግሞ ኮረብታ ሲወጣ እርምጃው አይቀንስበትም። ሌላው ጦር ሲያለከልክ እሱ ሽቅብ ይጋልባል። ይህን የሠራው ሰው አገራችንን በካርታ ብቻ አላያትም እላለሁ።

ዛሬ የከበብኩት ሮማን ነው። ዋና ከተማ ናት። በጦር ለማሸነፍ የፈለገ ተጫዋች የእያንዳንዱን ባላጋራ የመጀመሪያ ዋና ከተማ መያዝ አለበት። ስለዚህ ሮማን ዘሎ ማለፍ አይቻልም።

ከበባ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀማሪ ጦሩን ይሰበስብና በቀጥታ ግንቡን በጎራዴ ይደበድባል። ወታደሩ ያልቃል፣ ግንቡ ግን ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ዙሪያውን መዝጋት ነው። ካርታው እንደ ዳማ በቤት በቤት የተከፈለ ነው፤ ቤቱ ግን ስድስት ጎን አለው። ከተማዋን የሚነኩ ስድስት ቤቶች አሉ። ስድስቱም ላይ ወታደር ማቆም ግድ አይደለም። አንድ እግረኛ ከቆመበት ሌላ በአጠገቡ ያሉትንም ቤቶች ይቆጣጠራል። ቀስተኛና ካታፑልት የሚባለው ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ ግን ይህ ሥልጣን የላቸውም። ዙሪያው በሙሉ ከተዘጋ ከተማዋ ማገገም ታቆማለች። አንድ ቀዳዳ ከቀረ በየተራው 20 ነጥብ ትመልሳለች፤ የደከምክበት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

በዚህኛው ካርታ ላይ ሮማ ወንዝ ዳር ናት። የወታደር ቁጥጥር ደግሞ ወንዝ አይሻገርም። ከዚህኛው ዳር የፈለግከውን ያህል ጎራዴኛ ብትደረድር የወዲያኛው ዳር ክፍት ነው። አንድ ባለጦር ዞሮ ከማዶ እንዲቆም ላክሁ። ከተማዋ በየተራው በፍላጻ ትመታዋለች። እሱ ማንንም አይመታም። ቆሞ ብቻ ነው። ነገር ግን መንገዱ የተዘጋው በእሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ወታደር ከጀግናው ፈረሰኛ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ከዚያ ካታፑልቱ ይመጣል። ሁለት ቤት ርቆ ይመታል፤ የከተማዋም ፍላጻ ሁለት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሳይቆስል መምታት የለም። ተጉዞ በዚያው ተራ መተኮስም አይችልም፤ ታላቅ ጄኔራል አብሮት ካለ ግን አንድ እርምጃ ስለሚጨመርለት ይችላል። ጄኔራል ሳልይዝ ትልቅ ከተማ ላይ አልሄድም። ግንቡ በራሱ አይድንም፤ ማስጠገን አለባቸው። ለማስጠገን ደግሞ ሦስት ተራ ያህል ሳይመቱ መቆየት አለባቸው። ትንሽም ቢሆን ምቱ እንዳይቋረጥ የማደርገው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ካታፑልት ከተማዋን ዜሮ ያደርሳታል እንጂ አይገባባትም። የሚገባው እግረኛ ወይም ፈረሰኛ ነው።

እና እርሻ አለ። ከከተማዋ አጠገብ ያለን የጠላት እርሻ የዘረፈ ጦር 50 ነጥብ ቁስሉ ይሽርለታል። ያ ከወንዙ ማዶ የቆመው ባለጦር ሊሞት ምንም አልቀረውም፤ የቆመው ደግሞ እርሻ ላይ ነው። ዝረፍ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩት። እርሻው ነደደ፣ ልጁ ዳነ።

ከዚያ ዓይኔ ከሮማ ስም አጠገብ ያለችው ቁጥር ላይ ቀረ። የነዋሪው ብዛት ናት። እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ? ጌሙ ረሃብን በመጠኑ ያውቃል። የጠላት ጦር የቆመበትን እርሻ ነዋሪው ማረስ አይችልም፤ ምግብ ሲያንስ ቁጥሩ ይቀንሳል። ጥምን ግን ጨርሶ አያውቅም። እዚያ ውኃ ማለት ከተማዋ ስንት ሰው ማኖር ትችላለች የሚለው ሒሳብ ነው። ወንዝ ዳር ከሆነች ብዙ፣ ካልሆነች ትንሽ። ከበህ ምንጩን ብትይዝ ምንም አይፈጠርም።

ምኒልክን ይዤ ይህን ማሰቤ ነው ነገሩን የባሰ ያደረገው። ምክንያቱም እውነተኛው ምኒልክ ግንብ የከበቡ ጊዜ ነገሩን የጨረሰው ውኃ ነው።

መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት። ጣሊያኖች ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ ከተሸነፉ በኋላ እዚያ ምሽግ ውስጥ የቀሩት በሻለቃ ጋሊያኖ ሥር ነበር። የኛ ሰው በቀጥታ ግንቡ ላይ ወጣ። ብዙ ሰው አለቀ። ምንጩ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ፤ ሰዎቻቸው ሄደው ያዙት። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። በጥር አጋማሽ ምሽጉ እጁን ሰጠ።

እቴጌይቱ ያዩትን ነገር ሳስብ ይደንቀኛል። ሁሉም ሰው ግንቡን ሲያይ እሳቸው የሚጠጣውን አዩ። ቤት የሚያስተዳድር፣ ድግስ የሚያዘጋጅ፣ ስንት ሰው ስንት እንስራ እንደሚጨርስ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያየው። ጦር ሜዳ ላይ ይህን እውቀት የሚንቅ ይሸነፋል ብዬ አምናለሁ።

ከበባ ለኛ ጌምም የድሮ ታሪክም ብቻ አይደለም። የቅርቡን ታውቁታላችሁ። ዛሬ አልጽፈውም፣ ግን መቀሌ የሚለውን ስጽፍ ልቤ እዚያ ነበር።

ከውኃው በኋላ የሆነውን ነው ከራሴ ማውጣት ያቃተኝ። ምኒልክ ምሽጉ ውስጥ የነበሩትን ለቀቋቸው። ከነመሣሪያቸው። በጌሙ እንዲህ የሚል ቁልፍ የለም። ከተማ ሲያዝ ውስጡ የነበረው ጦር በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ለአንተ የሚቀርብልህ ከተማዋን ያዝ ወይም አውድማት ነው፤ ዋና ከተማ ከሆነች ማውደምም የለም። ሂዱ ብሎ መልቀቅ የሚባል ነገር የጌሙ ሠሪዎች አልታያቸውም። ጋሊያኖ ተለቆ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ፣ እንደገና ተሰለፈ፣ የካቲት 23 አድዋ ላይ ሞተ። አንዳንዱ ምኒልክ የለቀቋቸው ለሰላም ንግግር በር እንዲከፈት ብለው ነው ይላል። እኔ በምኒልክ ቦታ ብሆን እለቅ ነበር? ወንድሜ ሞኝነት ነው ይላል። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም።

ደግሞ ምሽጉ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ ጣሊያኖች አልነበሩም። አስካሪዎች ነበሩ፤ በጣሊያን ሥር የሚዋጉ የኤርትራ ወታደሮች ማለት ነው። ከበው ከነበሩት መካከል ደግሞ የትግራዩ የራስ መንገሻ ሰዎች ነበሩ። ከግንቡ ውስጥም ከግንቡ ውጭም ትግርኛ ይወራ ነበር ማለት ነው። ማታ ማታ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማ ነበር? በሩ ተከፍቶ ያ ሁሉ የተጠማ ሰው ሲወጣ መጀመሪያ ውኃ የሰጠው ማን ነው? ተነጋገሩ? ስለዚህ የተጻፈ ነገር የምታውቁ፣ ወይም አያት ያወራው ቤታችሁ የቀረ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።