ምንጩ ፈቃድ አለው?

ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ነው። ጊዜው የካቲት ነበር። አንድ ብሎኬት ማምረቻ ጉድጓድ አስቆፍሮ የውኃ መጠቀሚያ ፈቃድ ማውጣት ፈለገና ሥራው እኛ ድርጅት መጣ። ጥናቱንም የማመልከቻ ሰነዱንም የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

ቅጹ ላይ ስለ አካባቢው ሌሎች ተጠቃሚዎች የሚጠይቅ ቦታ አለ። ፈቃድ ያላቸውን ጉድጓዶች ዝርዝር አስመጣሁ። በቅርብ ርቀት አንድም አላገኘሁም። "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ናት፤ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ቁፋሮው ጥሩ ሄደ። የአቃቂ አካባቢ ሲቆፈር ስኮሪያ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገኛል፤ ውኃ በደንብ ይይዛል፣ በደንብም ያሳልፋል። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትጠጣውም በዚህና ባዛልት በሚባለው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ምክንያት ነው። 95 ሜትር ላይ ቆመን ፓምፕ ቴስት፣ ማለትም ጉድጓዱ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥ የሚለካውን ሙከራ ጀመርን። 72 ሰዓት ያለማቋረጥ፣ በሴኮንድ 4 ሊትር። ፓምፑ ሲስብ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ እኛ በየሰዓቱ ጥልቀቱን እየለካን ወረቀት ላይ እናሰፍራለን።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መውረዱን አቆመ። ግራፉ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ተኛ። በጣም ደስ አለኝ። ለማምረቻው ባለቤት ደውዬ "ጉድጓድዎ የሚነጥፍ አይደለም" አልኳቸው።

መስመሩ ሲተኛ ግን ከሆነ ቦታ አዲስ ውኃ እየገባ ነው ማለት ነው። ከወንዝ፣ ከምንጭ፣ ከረግረግ፣ ከሆነ ቦታ። ይህንን ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ከየት እንደሚገባ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንዲት እናት ባዶ ቢጫ ጄሪካን ይዘው ሪጉ፣ መቆፈሪያ ማሽኑ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ምንጩን ምን አደረጋችሁት?"

የቱ ምንጭ? አብሬያቸው ወረድኩ። 300 ሜትር ያህል ቁልቁል፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ከድንጋይ ሥር የምትወጣ ቱቦ አለች። ከሥሯ ለከብት የተቆፈረች ትንሽ ኩሬ አለች። ጄሪካኖች ተሰልፈዋል። ከብቶቹ ጭቃውን እያሸተቱ ቆመዋል። ባለ 20 ሊትሯ ጄሪካን ለመሙላት አሥር እስኪቆጠር እንኳ አትቆይም ነበር አሉኝ። በስልኬ ለካሁ። አንድ ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ። በሴኮንድ 2 ሊትር ይሰጥ የነበረ ምንጭ ወደ 0.3 ወርዷል ማለት ነው፤ ደስ ያለኝ መስመር የተኛው የእነዚህን ሰዎች ውኃ እየጠጣ ነበር።

ወደ ላይ ሮጬ ፓምፑን አስጠፋሁ። ቢሮ ስደውል አለቃዬ "72 ሰዓት ያልሞላ ቴስት ማን ይቀበልሃል? ደግሞስ ምንጩ ፈቃድ አለው?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄው ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ፈቃድ የለውም። እንዲኖረውም አይጠበቅበትም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ፣ ለባህላዊ መስኖና ለባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ትክክል ነው፤ ጥጃውን የሚያጠጣ ገበሬ ለምን ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል? ያው አዋጅ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። ግን ፈቃድ የማያስፈልገው ሰው መዝገብ ላይ የለም። እኔ ደግሞ ያየሁት መዝገቡን ብቻ ነው። ሕጉ አይንገላታ ብሎ የተወውን ሰው እኔ እንደሌለ ቆጠርኩት።

የዚያን ቀን ማታ የሪጉ ኦፕሬተር አጠገቤ ተቀመጠ። ከያቤሎ የመጣ የቦረና ልጅ ነው፤ ብዙ አያወራም። "ኢንጂነር፣ እኛ ጋ ኤላ ላይ ከብት ይዞ የደረሰ ሰው መጀመሪያ አባ ሄሬጋውን ይፈልጋል" አለኝ። ኤላ ማለት በእጅ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ውኃውን በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። አባ ሄሬጋ ደግሞ ተራውን የሚመራው ሰው ነው። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ እሱ ያውቃል። ከሩቅ የመጣም ቢሆን መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል፣ ተራ ይያዝለታል። "እዚህ እኛ ማንን ጠየቅን?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ምንጩ በማግስቱ ማታ መመለስ ጀመረ። ሪፖርቱን ቀድጄ "የለም" ያልኩበትን ቦታ እንደገና ጻፍኩ፤ የምንጩን ቦታ፣ ፍሰቱን፣ ስንት ቤት እንደሚቀዳ፣ ስንት ከብት እንደሚጠጣ። ለመቁጠር ሁለት ንጋት ፈጀብኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጄሪካን የያዙትን ልጆች ተከትዬ ወረድኩ፣ ከዚያ የከብቱን መንገድ ያዝኩ። ከምንጩ ሌላ ሁለት የእጅ ጉድጓዶችም አገኘሁ። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ገንዘባቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ምንጩ ጋ ወስጄ ከእናትየዋ ጋር ካገናኘኋቸው በኋላ ግን ብዙ አልተከራከሩም። ጉድጓዱን አጥልቀን የታችኛውን ውኃ ለመሳብ፣ የላይኛውን 100 ሜትር ያህል ደግሞ በኬሲንግ ቱቦና በሲሚንቶ ለመዝጋት ተስማማን።

ሁለተኛው ቴስት መጋቢት ላይ ነበር። በዚህኛው መለኪያ ጣቢያችን ሁለት ሆነ፤ አንዱ ጉድጓዱ ላይ፣ አንዱ ምንጩ ላይ። ምንጩ ላይ ቀን ቀን የሚለካው የእናትየዋ የልጅ ልጅ ነበር፣ ስልኬን ሰጥቼው። በየሰዓቱ ጄሪካኗን ሞልቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ወደ እኛ ይጮሃል። በሦስተኛው ቀን፣ 72ኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ሁላችንም ፓምፑን ትተን ወደ ባሕር ዛፉ ዞረን ቆምን።

"አሥር!" አለ።